የካሴቱ ክርስትና አባት

ቺምቦቴ፣ ሜይ 12 ቀን 1996

ይድረስ ለቀጮው ኢታሎ፣ ጊታር ከትከሻው ለማይወርደው፣ ሊማ ገብቶ ለቀረው።

ቁጭ በል። ይህ ቆመው የሚያነቡት ደብዳቤ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ኖልቤርቶ ነኝ። እናቴ አይደለችም፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬም አይደለም። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ከጀልባ ስወርድ ሚራማር ሰፈር ወደሚሰጠው የማታ ትምህርት እሄዳለሁ። ክፍላችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለ። አሥራ ስምንቱ ሲያነብ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት አንድ በአንድ ከአፉ ይለቅማል። እኔ ግን እውጠዋለሁ። መምህርታችን ሴኞራ ኦርቴንሲያ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው እንደኔ ያለ ተማሪ ገጥሟቸው አያውቅም። እንዲህ ብለው አልተናገሩም፤ ዓይናቸው ላይ ተጽፏል፣ አሁን ደግሞ የተጻፈ ነገር አያመልጠኝም።

የኤፕሪል ደብዳቤህን ራሴ አነበብኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጥፋቱ የእጅ ጽሑፍህ ነው።

ለጠየቅከኝ ሁሉ መልሱ ይኸውልህ። አዎ፣ ጤና ነኝ። አዎ፣ እናቴ ከበሮዬ ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ ግን በአክብሮት ነው። አይ፣ እስካሁን አልተለቀቅኩም። ካፒቴናችን ዶን ፊደንሲዮ "አንተን ከለቀቅኩ መረቡን ማን ይጎትትልኛል?" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጀልባዋ ያለ እኔ ወደ ጎን ታዘነብላለች። በጁላይ መጨረሻ ዓሦቹ እንዲራቡ ባሕሩ ሲዘጋ፣ ቬዳው ሲገባ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

ቬዳን ካነሳን አይቀር፣ በሬዲዮ ቀርበህ "የባንዱን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ" ብለሃል አሉ። ማን ነገረህ እንዳትለኝ፤ ዳሊላ ለአክስቷ ደውላ፣ አክስቷ ለዓሣ ገበያው ሁሉ አውርታዋለች። ቀጮ፣ አንተ፣ እኔና ዳሊላ፣ ሦስታችን በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ሥራ ፈትተን ተቀምጠን "ባሕሩ ሲዘጋ የምንከፈት እኛ ብቻ ነን፣ በቃ ቬዳ እንባል" ያለው ማነው? አንተ ያን ጊዜ "የብረት ሻርኮች" እንባል ትል ነበር። ይህን ለሬዲዮ አልናገርብህም። ለጊዜው።

የከበሮ ወንበሬ ላይ ያስቀመጣችሁት የጥርስ ሐኪም ልጅስ እንዴት ነው? ሬንሶ። ስሙ አጭር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቀለም አይበላም። ለጊዜው መሆኑን አስታውሱት። ሰው አውቶቡስ ላይ ወንበሩ እንዳይያዝበት ጃኬቱን ጥሎ ይወርድ የለ? እሱ ጃኬቱ ነው።

ዳሊላን ግንባሯን ሳምልኝ።

ኖልቤርቶ ቻውካ
(ፊርማውም የኔ ነው፣ ደክሜበታለሁ)


ሊማ፣ ሜይ 24 ቀን 1996

ጉረኛው ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ለዳሊላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዓይናቸው ላይ ተጽፏል ያልከው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ከዚያ ወጥታ ፊቷን ታጠበች። በስምንት ዓመትህ ከትምህርት ቤት ወጥተህ ጀልባ ላይ እንደወጣህ እናውቃለን እኮ። ዘፈኖቹን አንተ በቃልህ ስትላቸው ደብተር ላይ የማሰፍራቸው እኔ አልነበርኩም? ደስ ብሎናል፣ እውነቴን ነው።

ስለ ስሙ ይቅርታ። የሬዲዮው ሰው ማይኩን አፌ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፤ ደንግጬ የመጣልኝን አልኩ። ሌላ ጊዜ አስተካክለዋለሁ።

እኛ ባራንኮ ሰፈር ውስጥ አንድ ጋራዥ አግኝተን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ነበሩ፣ የባለቤቱን ውሻ ጨምሮ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሰው በዝቶ በሩ አልዘጋ አለ። "ጨው በጥርስ" ስንጀምር ግጥሙን ከኛ ቀድመው ነው የሚሉት። ያንተን ቃላት። የጻፋቸው የት አለ ብለው ይጠይቁናል፣ ባሕር ላይ ነው እንላለን፣ የቀለድን ይመስላቸዋል።

ሬንሶ ደህና ነው። ጸጥተኛ ነው። ልምምድ አይቀርም።

በአክስቴ ልጅ በኩል ስላስጠየቅከው ስለ ቀረጻው ጉዳይ፣ ገና ነው። ቁርጥ ሲሆን እጽፍልሃለሁ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን፣ በጃንዋሪ፣ የመጀመሪያው ትርዒታችን ቀን፣ የምር የት ነበርክ? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።

ኢታሎ


ቺምቦቴ፣ ጁን 9 ቀን 1996

ቀጮ፣

ሰላምታውን ቀንሼዋለሁ፣ ተናድጃለሁና። ግን ደህና ነህ? እሺ።

ሐሙስ ጠዋት መረቡን ልንጥል ስንል ከዶን ፊደንሲዮ ሬዲዮ "ጨው በጥርስ" መጣ። አስተዋዋቂው "የሊማ ወጣቶች" አለን። የሊማ! ልብሳችን ውስጥ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካው ጢስ ገና አለ እኮ። ደግሞ ዘፈኑን "አማራጭ ሮክ" አለው። የዓሣ አማራጭ ዶሮ ነው፤ የሮክ አማራጭ ምን እንደሆነ ሴኞራ ኦርቴንሲያንም ጠይቄ አላወቁትም። ይሁን። ለሠራተኞቹ ሁሉ "ይህ የኔ ዘፈን ነው፣ ጸጥ በሉ" አልኳቸው፣ ጸጥ አሉ። ከዚያ ከበሮው ገባ።

እኔ አይደለሁም። ገና ነው ያልከኝ ቀረጻ ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም።

ዶን ፊደንሲዮ በጭንቅላታቸው ምቱን እየተከተሉ "ይሄ ልጅ ይመታል፤ አንተ ነህ እንዴ ኖልቤርቶ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አዎ አልኩ። አሥራ አራት ሰው በየተራ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ ምስጋና እንደዚያ መርሮኝ አያውቅም።

ልጁ ይቸኩላል። ደግሞ ንጹሕ ነው፣ በጣም ንጹሕ፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ የሚመታ ነው የሚመስለው። "ማዕበሉ ቆመ" የሚለው ቦታ ላይ እኔ እቆማለሁ፣ እሱ ሞላው። ከበሮ ማንም ይመታል ቀጮ፤ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ዝምታ የፈጠርኩት ግን እኔ ነኝ። ምናለ እንኳ ዝምታዬን ቢተውልኝ?

ዳሊላስ ቤዝ ስትመታ ዓይኑን ታየዋለች? በፊት የኔን እግር ነበር የምታየው፤ እግሬ ሲረግጥ እሷ ትገባለች፣ ሌላ መነጋገር አያስፈልገንም ነበር። የእሱን እግር እንዳታይ ንገራት። አይ፣ ተወው፣ አትንገራት።

ያን የጃንዋሪውን ቀን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ፣ ለምን ትደጋግመዋለህ? ልጅቷ ቢጫ ቀሚስ ነበር የለበሰችው። አትሂድ አለችኝ፣ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ወንድ ነኝ፤ ሴቶች መንገድ ላይ ያስቀሩኛል፣ ምን ላድርግ። የቀረሁት ከአንድ ትርዒት ነው። ከዚያ ወዲህ እናንተ ስንት ሠራችሁ?

ቬዳው ሊገባ ሰባት ሳምንት ቀረው። ወንበሬን ወልውሉልኝ።

ኖልቤርቶ


ሊማ፣ ጁላይ 1 ቀን 1996

ኖልቤርቶ፣

ስለ ቀረጻው ይቅርታ። ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ወረቀት ጨምድጄ ጥያለሁ። ካሴቱ ተቀርጾ አልቋል። ሰባት ዘፈን ነው።

ቅዳሜ ኦገስት 17 ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ክርስትና ይነሳል። እንደ ወጋችን ነው፣ ለአዲስ ጀልባ እንደምናደርገው፣ ሻምፓኙም የጽጌረዳውም ቅጠል ይኖራል። እኔና ዳሊላ ተነጋግረን፣ ሬንሶም ተስማምቶ፣ የካሴቱ ክርስትና አባት አንተ እንድትሆን ወስነናል። ሌላ ሰው አላሰብንም። ስምህ በመጥሪያው ካርድ ላይ በትልቁ ይወጣል።

ከዚያ በፊት ለመምጣት አትቸገር። ለቀኑ ብትደርስ ይበቃል።

ዳሊላ ሰላም ብላሃለች።

ኢታሎ


ቺምቦቴ፣ ጁላይ 7 ቀን 1996

የተከበርክ አበልጄ ኢታሎ፣
(አበልጅ ልንሆን አይደል? ከአሁኑ ልለማመደው ብዬ ነው)

እሺ ብያለሁ። ደብዳቤህን በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት፣ በማግሥቱ ደግሜ ያነበብኩት ለጣዕሙ ነው።

ማን እንዳልሰማ ብትጠይቀኝ ይቀላል። በረዶ ቤቱ ሰምቷል፣ ገበያው ሰምቷል፣ ዓርብ ቅዳሴ ላይ ቄሱ ራሳቸው ጠየቁኝ። ክርስትና አባትነት ለኔ አዲስ እንዳልሆነ ታውቃለህ። እስካሁን አንድ የጀልባ ሞተር፣ የሁለት እግር ኳስ ቡድን ማሊያና የአክስቴን ልጅ የዶሮ ቤት ክርስትና አንስቻለሁ። ሞተሩ ዛሬም ይሠራል። ቡድኖቹ እርስ በርስ ገጥመው እኩል ለእኩል ወጡ። ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው የሞቱት፣ እሱም በበሽታ ነው፣ የኔ እጅ የለበትም።

ዶን ፊደንሲዮ የሠርጋቸውን ኮት አውሰውኛል። እጅጌው ክርኔ ላይ ይቀራል፣ ግን ደረቱ ልክ ነው፣ ዋናው ደረቱ ነው። ንግግርም አዘጋጅቻለሁ፣ ሦስት ገጽ። ራሴ ጽፌ ራሴ ነው የማነበው፤ ሊማዎች ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርሱ ያለቅሳሉ።

"ሬንሶም ተስማምቶ" ማለትህ አስቆኛል። እንግዳ በባለቤቱ ጉዳይ ምን ይስማማል ይቃወማል? ግን ይሁን። በዚያ ቀን ከካሴቱ ጎን ይቁም፣ ፎቶም ይነሳ፤ እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ክርስትናውን አነሳለሁ፣ እሑድ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሰኞ እሱ ወደ ጥርሱ ይመለሳል። እንዲህ ነው ያሰብኩት።

አበልጅህ ኖልቤርቶ


ቺምቦቴ፣ ጁላይ 11 ቀን 1996

ኢታሎ፣

አበልጄ አላልኩህም፤ ልብ በል።

ትናንት እናቴ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ንግግሬን አነበብኩላት። ሦስቱንም ገጽ እያጠበች ሰማች። ስጨርስ እጇን ከአረፋው አውጥታ፣

"ይሄ ካሴት የማነው ኖልቤርቶ?" አለችኝ።

"የኔ ነዋ።"

"ያንተ ከሆነ፣ አባት የገዛ ልጁን ክርስትና ሲያነሳ የት ነው ያየኸው?"

መጀመሪያ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። "ጎረቤት ነው የሚያነሳው ልጄ፣ ወዳጅ ነው፣ ከውጭ ያለ ሰው ነው" ብላ ወደ ማጠቢያዋ ጎንበስ አለች።

ይህን ማን መከረህ? ራስህ ከሆንክ ጎበዝ ነህ፣ እስከዛሬ አላወቅኩህም። ሰውን ከቤቱ ሲያስወጡት በክርን ይገፉታል፤ አንተ በጽጌረዳ ቅጠል ገፋኸኝ። እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ሳምንት ሙሉ ወደቡን እየዞርኩ "አስወጡኝ፣ አስወጡኝ" እያልኩ ስፎክር ከረምኩ። ዶን ፊደንሲዮ ኮቱን ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ኩራት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሐዘኔታ ነበር። ሁሉም አውቆ ዝም ብሎኛል። ከእኔ በቀር ሁሉም።

የጥርስ ሐኪሙ ልጅ አባት ተብሎ ካሴቱን አቅፎ ሊቆም፣ እኔ ጠርሙስ ይዤ እንግዳ ልሆን! እነዚያን ዘፈኖች እኔ ነኝ በመረብ መካከል የወለድኳቸው። ቅናት ነው ትላለህ። አዎ ቅናት ነው። መረብ ስጎትት እንኳ በእሱ ምት ነው የምጎትተው፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። በገዛ ክንዴ ለእሱ እያገለገልኩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ወንበሩ የማነው፣ የኔ ነው የእሱ? በአንድ ቃል ጻፈው።

ኖልቤርቶ


ሊማ፣ ጁላይ 20 ቀን 1996

ኖልቤርቶ፣

የእሱ።

በአንድ ቃል ብለሃል፣ ይኸው። የቀረውን ካልፈለግክ አታንብበው።

ያን ቀን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጠበቅንህ። ሰዉ ማፏጨት ጀመረ። ዳሊላ ቤዙን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ሬንሶ ሊሰማን የመጣ ሰው ነበር፣ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። መጥቶ "ዘፈኖቹን አላውቃቸውም፣ ግን ቀስ ብለህ ከጀመርክልኝ እሞክራለሁ" አለኝ። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። አዳነን።

በማግሥቱ አንተ እየሳቅክ መጣህ። ስለ ቢጫው ቀሚስ አወራኸን፣ ስለ አንገትጌው ሳይቀር። ዳሊላ አላለቀሰችም። ቤዟን ጠረገች፣ ጠረገች፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። አንተ ስትወጣ "ከኔ ጋር መጫወት ያልፈለገን ሰው አልለምንም" አለች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ካፒቴኑ ጠርተውኛል ብለህ ተሳፈርክ። ምን እናስብ?

በክርስትናው ላታልልህ ፈልጌ አይደለም። እሺ፣ ፈልጌ ነው። ጨርሶ እንዳላጣህ ሌላ መንገድ አልታየኝም፤ አበልጅ ከአበልጁ ጋር አይቆራረጥም ብዬ ነው። ካልፈለግክ ይገባኛል።

ካሴቱ ላይ ከሰባቱ ዘፈን በአምስቱ ሥር "ግጥም፦ ኖልቤርቶ ቻውካ" የሚል ታትሟል። የባንዱን ስም ማን እንዳወጣም ተጽፏል። ይህን ያደረግኩት ስለተቆጣኸኝ አይደለም፣ ማተሚያ ቤት የገባው በጁን ነው።

ኢታሎ


ቺምቦቴ፣ ጁላይ 28 ቀን 1996

ኢታሎ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ሴኞራ ኦርቴንሲያ የቀደድኩትን ገጣጥመው አይተው "ቀልዱን አውጣውና ምን እንደሚተርፍ እንይ" አሉኝ። የተረፈው ይኸው።

ቢጫ ቀሚስ የለም። ልጅቷም የለችም።

ያን ቀን እናንተ ዕቃውን ይዛችሁ ቀደማችሁኝ። እኔ የረሳኋቸውን የድራም እንጨቶች ላመጣ ወዳረፍንበት ቤት ተመለስኩ። "አረንጓዴውን፣ ነጭ መስመር ያለበትን ሚኒባስ ያዝ" ብለኸኝ ሄድክ። ሊማ ውስጥ ነጭ መስመር ያለበት አረንጓዴ ሚኒባስ ስንት ቦታ እንደሚሄድ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላወቅኩም። ፌርማታው ላይ የቆመ ሰውዬ ጠየቅኩ፣ "ይሄ ባራንኮ ይሄዳል?" ብዬ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ተጽፏል እኮ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም። ወያላውንም። ዝም ብዬ ገባሁ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ውጭ አየሁ። መጨረሻው የአሸዋ ኮረብታ ነው። የቆርቆሮና የሰሌን ቤቶች፣ አንድ የውሃ ቦቴ፣ ሌላ ምንም የለም። ተመልሼ ሌላ አረንጓዴ ያዝኩ፣ እዚያው አሸዋ ላይ ወረድኩ። በሦስተኛው ወያላው "ወንድሜ፣ እዚህ ቤት እየሠራህ ነው እንዴ?" አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንተ አስብ፣ ያን ጊዜ ዳሊላ በር ላይ ቆማለች።

በማግሥቱ ስመጣ ዓይናችሁን አየሁ። ማንበብ ስለማልችል ጠፋሁ ብዬ ከምናገር ባለጌ ብትሉኝ መረጥኩ። ቢጫው የሚኒባሱ መጋረጃ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳየው የዋልኩት። አንገትጌውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ካፒቴኑም አልጠሩኝም። የተመለስኩት ለመማር ነው። ሁለተኛ ሊማ ስገባ መስታወቱ ላይ ያለውን ራሴ አንብቤ ልሳፈር ብዬ። እስከዚያ ወንበሩ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን አወቅክ። አሁን ብጠይቅህስ፣ ወንበሩ የማነው?

ኖልቤርቶ


ሊማ፣ ኦገስት 4 ቀን 1996

ወንድሜ፣

ለዳሊላ አነበብኩላት። መጀመሪያ አረንጓዴ ሚኒባሶችን ሁሉ ሰደበች፣ ቀጥላ እኔን፣ በመጨረሻ አንተን። አንተን ስትሰድብ አለቀሰች። "ለምን አንድ ቃል አልነገረንም፣ እኔ ራሴ እጁን ይዤ አልወስደውም ነበር?" አለች። ለዚህ ነው ያልነገረን አልኳት።

በዚያው ምሽት ነግረኸን ቢሆን ኖሮ ሬንሶ ዛሬ አንድ ጥሩ ተመልካች ነበር። እኔ ደግሞ አላጣራሁም። የቀሚሱን ነገር ቶሎ ያመንኩት ተናድጄ ስለነበር ነው፤ የተናደደ ሰው ማመን ይወዳል። የኔ ጥፋት ይህ ነው፣ ይቅር በለኝ።

ግን ሬንሶ ሰባት ወር ሆነው። ትምህርቱን ትቶ ነው ከኛ ጋር ያለው፤ አባቱ ከቤት አስወጥቶታል፣ ጋራዡ ውስጥ ነው የሚያድረው። አንድ ቀን እንኳ ወንበሩ የኔ ነው ብሎ አያውቅም። ምን ብዬ ተነስ ልበለው? አንተ ብትሆን ትለው ነበር?

መልሱ ያው ነው ኖልቤርቶ።

ለእሱ ምንም አላነበብኩለትም። ያንተ ነገር ነው፣ ብትነግረውም ባትነግረውም።

ክርስትናው ቅዳሜ ኦገስት 17 በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌላ ሰው አልጠራንም፣ አንጠራምም። ካልመጣህ ካሴቱ ያለ ክርስትና አባት ይቀራል። ዳሊላ መናኸሪያ ድረስ ልምጣ ትላለች፤ እንደማትፈልግ ነግሬያታለሁ።

ኢታሎ


ቺምቦቴ፣ ኦገስት 25 ቀን 1996

ለተከበሩት አበልጄ ለሬንሶ፣

አንቱ ማለቴ አይግረምዎት። እርስዎ የሐኪም ቤት ልጅ ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ፤ በኛ በወደብ ሰዎች ዘንድ ክርስትና ከተነሳ በኋላ አበልጅ አበልጁን አንተ አይለውም። ኢታሎንም አንቱ ነው የምለው፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አፍንጫውን የጠረግኩለትን። ምላሴ ለሁለታችሁም እኩል ይተሳሰራል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። የደኅንነቴን ጉዳይ ስለጠየቁኝ፣ ደህና ነኝ፣ ባሕሩ ተዘግቷል፣ መረብ እየጠገንን ነው። ስለ ሸሚዝዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሻምፓኙን ሆን ብዬ እንዳፈሰስኩብዎ አንዳንድ ሰዎች አውርተዋል። ሆን ብዬ ያፈሰስኩት ግማሹን ብቻ ነው።

ንግግሬን ከሦስት ገጽ ወደ ሁለት መስመር ያሳጠርኩት ታምሜ አልነበረም። ሦስቱ ገጽ ስለ እኔ ነበር።

ከዚህ በፊት ለኢታሎ በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ እርስዎ ያልኳቸውን ነገሮች ሰምተው ከሆነ፣ ሁሉም ከአበልጅነታችን በፊት የተጻፉ ስለሆኑ አይቆጠሩም። ካልሰሙ አይጠይቁ።

እንጨቶቹን ዘርግተው "አንዱን ዘፈን እርስዎ ይምቱት" ሲሉኝ ለምን እምቢ እንዳልኩ ጠይቀውኛል። ቅር ብሎት ነው ወይስ ንቆኝ ነው ብለዋል። ሁለቱም አይደለም። ከተቀመጥኩ አልነሳም ነበር። ዳሊላ እግሬን ታያለች፣ እኔ እረግጣለሁ፣ እርስዎ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ይቀራሉ፣ ከዚያ በኋላ ኢታሎ የትኛችንን እንደሚያስነሳ ማየት አልፈለግኩም። የት እንደሚያድሩም አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሰባቱንም ዘፈን የሰማሁት ግን ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነው። ቀንቼ ነበር አበልጄ። አሁንም እቀናለሁ። ክርስትና ሲነሳ ቅናት አብሮ እንደማይታጠብ ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

የክርስትና አባት ሥራ ልጁ ሲታመም መጠየቅ፣ ሲያጠፋ መቆጣት ነው። ስለዚህ ልቆጣ። አራተኛው ዘፈን ላይ ይቸኩላሉ። ያ ዘፈን የተሠራው ጀልባ ላይ ነው፤ ጀልባ ተሳፋሪው ስለቸኮለ አይፈጥንም። አምስተኛው ላይ የከበሮውን የነሐስ ሳህን በጣም ይመቱታል፣ የዳሊላ ቤዝ አይሰማም፤ እሷ ስለማትናገር እኔ ነኝ የምነግርዎት። ስድስተኛውን ይተውት፣ እሱን እኔም አልችለውም ነበር።

ሁለተኛውን በዶን ፊደንሲዮ ካሴት ማጫወቻ ስድስት ጊዜ ሰማሁት። ስህተት እየፈለግኩ ነበር። ብዙ ፈለግኩ። እኔ እንደዚያ አድርጌ መትቼው አላውቅም። ሰባተኛውን ጊዜ ስሰማው ምንም እየፈለግኩ አልነበረም።

ይህችን ቦታ ለኢታሎና ለዳሊላ አያንብቡላቸው። ምን ጻፈ ካሉዎት፣ ከላይ እስከ ታች ስድብ ነው ይበሏቸው።

አበልጅዎ
ኖልቤርቶ ቻውካ